ለሣህሌ የተፈተለ ጋቢ

ቢቸና፣ ጥር 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአሰጋሽ፣

ከሰላምታው በፊት የእመት ወለተ ሐናን ጤና ጠይቀሻልና ከእሳቸው ልጀምር። እግራቸው አሁንም ያብጣል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ድንጋይ እየፈለጉ ይቀመጣሉ፤ ተቀምጠውም ትንፋሻቸው ቶሎ አይመለስም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ልብዎ ደክሟል፣ ጨው ይተዉ» ቢላቸው፣ «ጨው ብተው ልቤ አዲስ ሊሆን ነው?» ብለው ስቀውበት ወጡ። የጥኖራ ከተማ ያለችው የእህታቸው ልጅ ሰብለ ወንጌል በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ናት። ቀይ ዶሯቸውም ደኅና ናት፤ እንዲያውም ከሁላችን ይልቅ ደኅናዋ እሷ ናት። ትናንት አጥሩን ሾልካ ገብታ የተከልኩትን ነጭ ሽንኩርት ጭራ ጭራ አወጣችው። «እመት! ይችን ጉድ አንድ ቀን ለወጥ አደርጋታለሁ!» ብዬ ብጮህ፣ ከአጥሩ ማዶ «አድርጊያት! እንቁላል ከማን ልትበደሪ ነው ታዲያ?» አሉኝ። አንቺ ወደ ሞጣ ስትዛወሪ እንደተውሽን ነን።

ባለቤቴ ጓዴም ያው ጓዴ ነው። ከበቅሎዋ ጋር ያወራል፣ እቤት ሲገባ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ እሱ ነው። ሞጣ ጸጉር አስተካካዩ ቤት ምስሉ የተለጠፈው፣ «ሣህለ ማርያም አካለ ወልድ የሚለውን ሳነብ የጎረቤታችን የመሪጌታ አካለ ወልድ ስም ትዝ አለኝ» ያልሽው ተዋናይ፣ የእመት ወለተ ሐና ልጅ ነው። ያን ያህል ጊዜ አጥር ተጋርተሽ ኖረሽ አለመስማትሽ አይግረምሽ። በዚያ ቤት ስሙ አይጠራም ነበር።

እኔ ገና ሙሽራ ሆኜ ቢቸና ስገባ ሣህሌ ትንሽ ዲያቆን ነበር። ድምፁን ብትሰሚው! አባቱ ዜማ ያስቀጽሉት ነበርና፣ ለማሕሌት ሲቆም ሴቱ ሁሉ ጆሮውን ወደዚያ ያቀና ነበር። ዳሩ ግን ሌላም ነገር ነበረው። ሰው ያያል፤ ያየውን ሰው ይሆናል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እኩዮቹን ሰብስቦ የገዥውን ሳል፣ የቅቤ ነጋዴዋን አረማመድ፣ የእኔን ለፍላፊነት ሳይቀር እያደረገ ያስቃቸዋል። አንድ ቀን ጽዱ ላይ ወጥቶ አሞራ ሲሆን ወደቀና የግራ እጁ ትንሿ ጣት ተሰበረች። ወጌሻው አላቃናትም፤ እንደ ማጭድ ቆልመም እንዳለች ቀረች።

ኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ ለንጉሡ በዓል ቲያትር አሠሩት። ሽማግሌ ሆኖ ወጣ። ገዥው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ መሪጌታ አልሳቁም። «ድጓ ያስተማርኩት ልጅ የሰው መሳቂያ ሆነ» ብለው ተነሥተው ወጡ። ሣህሌም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየ፤ በጭነት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ቲያትር ቤት ያዘው፤ ስሙ ገነነ፤ ቀጥሎ ፊልም የሚሉት መጣና አገር ሁሉ አየው። እዚህ ግን አባቱ ገዘቱ። «በሕይወት ሳለሁ ስሙ በቤቴ አይጠራ፤ እሱም ደጄን አይርገጥ፤ አንቺም ወደሱ አትሂጂ፤ በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዝቻለሁ» አሉ። ልብሱን ለቆሎ ተማሪዎቹ አከፋፈሉት። በዚያ ቤት የሱ የሆነ አንዲት ክር አልቀረችም።

አንቺ መሪጌታን ታውቂያቸዋለሽ። ከመናገራቸው በፊት የነጠላቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጣራ ጣራ እያዩ «እኸም» ይሉ የለ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አንዴ ካሉት የማይመለሱ ሰው ነበሩ እንጂ።

ለእመት የልጃቸው መልክ የቀረላቸው በአንድ ጋዜጣ ነው፤ ከገበያ በርበሬ ተጠቅልሎበት መጣ። በርበሬው አፉን አጥፍቶታል፤ ዓይኑ ብቻ ይታያል። መሪጌታ በሕይወት ሳሉ ወንፊት ሥር ደብቀው ነበር የሚያዩት። ዓምና መሪጌታ ሲያርፉ የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ኪዳን ግዝቱን ፈቱላቸው። ሣህሌ ያን ጊዜ ባሕር ማዶ ነበርና ለቀብር አልደረሰም፤ አሁን ግን በሾፌር አፍ «ለፋሲካ ቢቸና ነኝ» ብሎ ልኳል። እመት እንዳይሄዱ ልባቸው አዲስ አበባን አይችልም።

ፊልሙ ከፋሲካ በኋላ ሞጣ የሚመጣ ከሆነ ይዘሻቸው ነይ ያልሽውን ነገርኳቸው። «ልጄ በእግሩ እየመጣ ጥላውን ለማየት ሞጣ ልሂድ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሲመጣ የሚያለብሱት ጋቢ ሊፈትሉ ጥጥ ገዝተዋል። ለባልሽ ለአቶ ኃይለ ሚካኤል ሰላም በይልኝ፤ ያ የሰጠኝ የዓይን ቅባት ጠቅሞኛል።

ፈንታነሽ

ቢቸና፣ የካቲት 27 ቀን 1963 ዓ.ም.

አሰጌ እህቴ፣

ቴሌግራም አታድርጊ፤ ሰምተናል።

ባንቺዓለም ጠጅ ቤት ሰው እንደ ልማዱ ዜና ሊሰማ ተሰብስቦ ሳለ ራዲዮኑ «ዝነኛው ተዋናይ» ብሎ ጀመረ አሉ። የቢቸና ልጅ ሊመሰገን ነው ብሎ ሰው ሁሉ ጸጥ ሲል፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም ቆይቶ ማረፉን፣ ሕዝቡም መንገድ ሞልቶ እንደ ሸኘው ተናገረ። ሳንባው ነው አሉ። ጓዴ መጣና ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ። በቅሎዋ የሞተች መስሎኝ «ምነው፣ ጅብ በላት?» አልኩት። እንዲህ ሆኜ ነው የሰማሁት።

እሳቸው አያውቁም። «ፊታቸውን እንዴት ያዩታል?» ትይኝ ይሆናል። አላየውም። እጃቸውን ነው የማየው። እጃቸው ይፈትላል፣ እንዝርቱ ይሾራል፣ እኔ ጥጡን እነድፍላቸዋለሁ። ለሣህሌ ጋቢ። አፈር በበላሁ።

ምነው አትነግሯቸውም ብትይ፣ አባ ወልደ ኪዳን ሽማግሌዎቹን ሰብስበው መክረውበታል። ልጁ እንደሆነ ተቀብሯል፤ ዛሬ ቢነገር ነገ ቢነገር ለሱ ምንም አይደለም። እናቱ ግን ልባቸው የደከመ ነው፤ ሁዳዴውንም አልተዉም፣ እንደ ጎልማሳ ይጾማሉ። ባዶ ሆዳቸውን መርዶ ብንጥልባቸው አብረን ልንቀብራቸው ነው። ስለዚህ ፋሲካ ይለፍ፣ ይፈስኩ፣ አቅም ያግኙ፤ ከዚያ ሰብሰብ ብለን በማለዳ ሄደን እናረዳቸዋለን ተብሏል። እስከዚያ ከተማው ሁሉ አፉን ይዝጋ አሉ አባ።

ከተማው ዘግቷል፤ ይህንስ ልመስክርለት። ባንቺዓለም እመት በደጇ ሲያልፉ ራዲዮኑን ትዘጋለች። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ተማሪዎቹን አስጠንቅቋል። ገበያ ሲወጡ ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል። ቅቤ ነጋዴዋ እንኳ፣ ያች ከአባቷ ጋር የምትከራከረው፣ ለፋሲካ የሚያነጥሩትን ሲገዙ አንድ ቃል ሳትመልስ ባሉት ሰጠቻቸው።

እኔም እንደ አቅሜ እሞክራለሁ። በቀደም ቀይ ዶሯቸው ገብታ የቀረውን ሽንኩርት ጨረሰችው። ድንጋይ አንሥቼ ነበር፤ ጣልኩትና ጥሬ በተንኩላት። ቀና ስል እመት በአጥሩ ላይ ያዩኛል። ገብተው መፍተላቸውን ቀጠሉ።

ጸልዪልኝ። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ።

ፈንታነሽ

ሞጣ፣ መጋቢት 15 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈንታነሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን አቶ ኃይለ ሚካኤል ከጤና ጣቢያ ሳይመለስ ብቻዬን አንብቤ ብቻዬን አለቀስኩ። ሲመጣ ብነግረው «ሰው የገዛ ሐዘኑን የማወቅ መብት አለው» አለ። የቢሮ አነጋገር ነው፤ እርስዎ አይቀየሙት። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ መርዶ በሌጣው እንደማይነገር አውቃለሁ። ቢሆንም ቃሉ ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል።

የምጽፈው ግን ለሌላ ነገር ነው። የሣህሌ ፊልም በእርግጥ ሊመጣ ነው። እህል ነጋዴው ሐጂ ይማም መጋዘኑን ለፊልም አሳዪዎቹ ለቅቆላቸዋል፤ የውስጡን ግድግዳ ኖራ አስቀብተውታል፤ መስኮቱን በጆንያ ደፍነው በቀን ነው የሚያሳዩት። ቀኑ ዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ይሻገራል፤ ክረምቱም ይገባል፣ መንገዱም ይዘጋል፣ ወደዚህ አይመለስም ብለዋል።

እትዬ፣ እናረዳለን ያላችሁበት ሳምንትና ፊልሙ የሚመጣበት ሳምንት አንድ ሆነብኝ። ከተረዱ ሐዘንተኛ ናቸው፤ መሬት ይቀመጣሉ፣ ደጅ አይወጡም፤ ማን ሐዘንተኛ ይዞ ፊልም ያሳያል? የልጃቸውን ፊት እስከ ዕለተ ሞታቸው አያዩትም ማለት ነው። ካልተረዱ ደግሞ መሞቱን ሳያውቁ አይተውት ሊደሰቱ ነው፤ እኛም አጠገባቸው ተቀምጠን ልናያቸው ነው። የቱ እንደሚከፋ እኔ መለየት አልቻልኩም። እናንተ ዘንድ ሽማግሌ አለ፣ ምከሩበት። ከመጡ ቤቴ ቤታቸው ነው።

አሰጋሽ

ቢቸና፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1963 ዓ.ም.

አሰጌ፣

የቱ ይከፋል ያልሽውን ስመረምር ሰንብቼ፣ የቆረጡልኝ እሳቸው ራሳቸው ሆኑ።

ከሆሳዕና ቅዳሴ ስንመለስ ድንጋይ ላይ አረፍ አሉና፣ «ፈንቴ፣ ያ ሞጣ ይመጣል ያልሽኝ ፊልም ቀርቷል?» አሉኝ። «ጥላውን አላይም ብለው አልነበር?» ብላቸው፣ «ጥላም ቢሆን ልየው» አሉ። ተነሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወደ አባ ወልደ ኪዳን ሮጥኩ። ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። አለቃ ፋንታ፣ ከመሪጌታ ጋር አብረው ያገለገሉት፣ እንደ በርበሬ ቀሉ። «ልጇ ተቀብሮ ሳለ እናት ጭፈራ ቤት ትወሰድ? ነውር ነው! ኋላ ስትሰማ ምን ትለናለች? ዛሬውኑ ትረዳ!» አሉ። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ ሴት መግባት አልነበረብኝም፤ ገባሁ። «አለቃ፣ ዛሬ ከተረዱ ልጃቸውን መቼ ያዩታል? በግዝት የከለከልናቸውን በመርዶ ልንደግምባቸው ነው?» አልኩ። ጓዴ ነጠላዬን ይጎትታል። አለቃ ፋንታ «ይችን ሴት ማን አስገባት?» ይላሉ።

አባ እጃቸውን አነሡና ሁለታችንንም አስቆሙን። ኋላ «ሐዘን በጆሮ ነው የሚገባው። እስኪሰሙ ድረስ እንደማንኛውም ሰው ናቸው፤ ሐዘንተኛ አይባሉም። ይሂዱ። ሲመለሱ እናረዳቸዋለን» አሉ። አለቃ ፋንታ ከቂም ጋር እሺ አሉ።

ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ባለው አርብ በአውቶቡስ ይመጡልሻል። የሚያመጣቸው ጓዴ ነው። እኔ አልመጣም፤ ለምን እንዳትይኝ። ፊቴ አይችልልኝም። ጓዴ ግን ዝም ማለት ጠባዩ ነው፣ ሳይቸገር ያደርገዋል። አደራሽን ጎረቤቶችሽን ሁሉ አስጠንቅቂ፤ አንዷ እንኳ «እግዜር ያጽናዎ» የሚል ቃል እንዳያመልጣት። ራዲዮናችሁንም ጨርቅ አልብሽው።

«ለፋሲካ ይመጣል የተባለው እንዴት ሆነ?» ብትይ፣ ለእመት «ሥራ ይዞት ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል ተብሏል» ብዬ ዋሸሁ። «ይሁን» አሉ። እንዲህ ቶሎ ውሸት የሚያምን ሰው አይቼ አላውቅም፤ ከእኔ ጋር ስለ አንዲት እንቁላል ሲከራከሩ የሚውሉ ሰው!

ጋቢው ለሸማኔ ተሰጥቷል። ሸማኔው «ጥለቱ ምን ይሁን? ለዝነኛ ሰው ነውና ደመቅ ላድርገው» ቢላቸው፣ «ጥለት አይኑረው። ነጭ ይሁን» አሉት። ቶሎ አድርሰው ለማልበስ የቸኮሉ መሰለኝ።

ፈንታነሽ

ሞጣ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈንታነሽ፣

ይህን የምልከው በአቶ ጓዴ እጅ ነው። እሳቸው ምንም እንደማይነግሩዎት ስለማውቅ ያየሁትን እኔ ልንገርዎ።

መጋዘኑ ሞልቶ ነበር። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን፣ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። እመትን ይዤ ስገባ ያ ሁሉ ጫጫታ ቆመና ሕዝቡ ከተቀመጠበት ተነሣ። እኔ አላስነሣሁም፤ ማንም ያዘዘ የለም። ደነገጥኩ፤ ነቁ ብዬ። እሳቸው ግን ዝቅ ብለው እጅ ነሥተው ከፊት ተቀመጡ።

በሩ ተዘግቶ ሲጨልም ግድግዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ወጣ። ጺሙ ነጭ፣ መቋሚያ የያዘ፣ ለመሬት ክስ ከባላገር ወደ ከተማ የመጣ። በቅሎው ከመኪና ስትደነግጥ ወደቀ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እመት «የታለ ልጄ?» አሉኝ። «እሱ ነው እመት፤ ሽማግሌው» አልኳቸው። «ይሄ? ይሄማ መሪጌታ ናቸው!» አሉ፤ ጮክ ብለው።

ቀና ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው። ዳኛው ፊት ቀርቦ የነጠላውን ጫፍ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፤ ጣራ ጣራውን አየ፤ «እኸም» አለ። የሞጣ ሰው ምን ያውቃል፣ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን መሪጌታ በአጥራችን በኩል የሚናገሩኝ መሰለኝ። ያን ያህል ዘመን ከደጃቸው የተገፋው ልጅ አባቱን ይዞ ነው የዞረው። እመት ጉልበቴን ጨበጡኝ። ከዚያ፣ እትዬ፣ ሳቁ። እንደ ኮረዳ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከኋላችን ያሉት ሴቶች ነገሩን ያውቃሉና፣ ድምፃቸውን ውጠው ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር።

ሳቃቸው ሲበርድ «ፊቱን ግን ሸፈነብኝ» አሉ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ጺም አይተው ሊመለሱ ነው ብዬ። ወደ መጨረሻው ሽማግሌው ሊምል እጁን አነሣ። እጁ ብቻ ቀረበና ግድግዳውን ሞላው። የግራ እጁ። ትንሿ ጣት ቆልመም ያለች።

«ይችውና!» አሉ እመት። «ጺሙ የአባቱ ነው። እጁ የእኔ ልጅ ነው።»

ሰው ሲወጣ አልወጡም። ወደ ግድግዳው ሄዱና ያ እጅ የነበረበትን ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚሳም፣ ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙት። ኖራው ግንባራቸው ላይ ቀረ። ላጥብልዎ ብላቸው «ተይው» አሉኝ።

ደጃፍ ላይ ፊልሙን ይዞ የሚዞረው ሰው ጠበቀን። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ሣህሌን የሚያውቅ። እሳቸው መርዶ እንዳልሰሙ ለሱ ማንም አልነገረው ኖሯል። ባርኔጣውን አውልቆ «እናቴ፣ እኔ ከእሱ ጋር» ብሎ ሲጀምር ልከለክለው ተንደረደርኩ። እመት ከእኔ ቀድመው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉና «አሁን አይደለም የኔ ልጅ። አሁን አይደለም» ብለውት አለፉ።

እትዬ፣ እቤቴ በሰነበቱበት ጊዜ አንድም ቀን «መቼ ይመጣል?» ብለው አልጠየቁኝም። የማስበውን ልጽፈው አልደፍርም። እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቋቸዋል።

አሰጋሽ

ቢቸና፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1963 ዓ.ም.

አሰጌ እህቴ፣

ያልጻፍሽውን አነበብኩት። ልክ ነበርሽ።

ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ማለዳ ሄድን። አባ ወልደ ኪዳን ከፊት፣ አለቃ ፋንታ ቀጥለው፣ ባንቺዓለም፣ ጓዴ፣ እኔ። ሴቶቹ ነጠላችንን ገና አላዘቀዘቅንም፤ ከሩቅ አይተው እንዳይደነግጡ ብለን። በሩ ተከፍቶ ጠበቀን።

እመት መሬት ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ጸጉራቸውን በገዛ እጃቸው ተላጭተዋል፤ እዚህም እዚያም ምላጩ ቆርጧቸው ደም ነበረው። አልጋው ላይ ያ ነጭ ጋቢ ሰው የተኛበት ይመስል ተዘርግቷል፤ ራስጌው ላይ ያች በርበሬ የነካት ጋዜጣ።

አባ በሩ ላይ ቆሙ። «ይግቡ አባ። መርዶ ተቁሞ አይነገርም» አሏቸው እመት።

ጊዜው አልነበረም፤ ግን አመለጠኝ። «መቼ አወቁ?» አልኩ።

«ለዶሮዬ ጥሬ የበተንሽላት ቀን» አሉኝ። «አንቺ ለዶሮዬ ጥሬ ከበተንሽ ማን ሊሞት ነው? ሌላ የቀረኝ ሰው አለ? ቀጥሎ ገበያ ወጣሁ፤ ቅቤ ነጋዴዋ አልተከራከረችኝም። በባንቺዓለም ደጅ አለፍኩ፤ ራዲዮኑ ዝም አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ልስማ?»

አለቃ ፋንታ «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አሉ?» አሏቸው።

«ባለቅስ ሞጣ ማን ይወስደኝ ነበር? እርስዎ ይወስዱኝ ነበር አለቃ?»

አለቃ ከአጠገባቸው መሬት ተቀመጡ።

«ዓይኔ እስኪጠግብ ጆሮዬን ደፍኜ ቆየሁ። አሁን አይቼዋለሁ፤ ንገሩኝ» አሉ።

አባም ነገሯቸው። በደንቡ፣ እንዳልሰሙ አድርገው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯቸው። እመትም ጮኹ። እንዳልሰሙ ሆነው ጮኹ አሰጌ። ያን ሁሉ ጊዜ የያዙት ጩኸት ነው፤ ከገዥው ግቢ ድረስ ተሰምቷል አሉ።

ጋቢውስ ትይኝ ይሆናል። ሰው ርቆ ሲቀበር በልብሱ ይለቀሳል። መሪጌታ ልብሱን ሁሉ ሰጥተውት ነበርና ሊለቀስበት የሚችል አንድ ቁራጭ ጨርቅ በዚያ ቤት አልነበረም። «መጀመሪያ እንዲለብሰው ነበር የጀመርኩት፤ ኋላ ባዶ አልጋ ላይ ላለቅስ ነው ብዬ ጨረስኩት» አሉኝ። ጥጡን የነደፍኩት እኔ ነኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እያታለልኳቸው እየመሰለኝ፣ ስነድፍ የከረምኩት የለቅሶውን ልብስ ነው። ማን ማንን ሲያባብል እንደ ከረመ እግዚአብሔር ይወቀው።

ልባቸው እንዴት ሆነ ብለሽ ትጨነቂያለሽ። ድሬሰሩ እየመጣ ያያቸዋል። ይተነፍሳሉ፣ ይተኛሉ፣ ጥቂት ይቀምሳሉ። የጋቢውን ነገር ከነገሩኝ በኋላ ግን ቃል አልተናገሩም።

ሰው ይጎርፋል። ሰብለ ወንጌል ከየጥኖራ ሕፃኗን አዝላ መጣች፤ ጋቢው እግርጌ አስተኛቻትና «አክስቴ፣ እርስዎ ያልቅሱ፣ ይች ደግሞ ትጥባ» አለች። ዲሬክተሩ ተማሪዎቹን አሰልፎ አመጣ፤ ያ የንጉሡ በዓል ቲያትር የታየበትን ቀን ሊናገር ጀምሮ አቃተው። የአንቺው ሐጂ ይማም ጤፍ ልኳል፤ ያመጣው ሾፌር «ሐጂ፣ እናትየዋ የሳሙበት ግድግዳ ላይ ጆንያ አይደገፍም ብለዋል» አለን። አለቃ ፋንታ በየማለዳው እየመጡ አልጋው ራስ ይቆማሉ፤ ትናንት «ድምፁን ከአባቱ ይልቅ እኔ ወድጄው ነበር» አሉና ቶሎ ወጡ። ባንቺዓለም ራዲዮኑን መክፈት ፈርታ ጠጅ ቤቷ ባዶ ሆኗል፤ «እመት ቃል እስኪሰጡኝ አልከፍትም» ትላለች።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያች ቀይ ዶሮ አጥሩን ሾልካ ገባች። አዲስ የተከልኩትን ሽንኩርት ጭራ ጭራ ስታወጣ ቆሜ አየኋት። ድንጋይ አነሣሁ፤ ጣልኩት፤ እንደገና አነሣሁት። «እመት! ይችን ጉድ ዛሬ ለወጥ አደርጋታለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጓዴ ነጠላዬን ያዘኝ። አንዷማ «ምነው፣ ይች ሴት አበደች?» አለች።

ከአጥሩ ማዶ ዝም አለ።

ከዚያ በለቅሶ የሻከረ ድምፅ መጣ፤ «ንኪያትና አያለሁ!»

ፈንታነሽ